ጉበት አይታዘዝልኝ

የእኔ ደም ማነስ ከእናቴና ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ ታላሴሚያ ይባላል። ሰውነቴ የሚሠራው ደም ቶሎ ስለሚፈርስ በየወሩ ከአዋሽ ወደ ሰመራ እየሄድኩ ደም ይሰጠኛል። ችግሩ፣ የሚሰጠኝ ደም ብረት ይዞ ይመጣል፤ ብረቱ መውጫ ስለሌለው ልቤና ጉበቴ ላይ ይከማቻል። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት፣ እህል ሳልቀምስ፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ክኒን የምጠጣው። ጣዕሙን ኖራ የላሰ ሰው ያውቀዋል።

ባለፈው የሰመራዋ ሐኪሜ፣ "ብረቱ ካልወረደ አዲስ አበባ ተቀምጠሽ ሌላ ሕክምና ትጀምሪያለሽ" ብላኝ ነበር። ያ ማለት ትምህርቴን ማቋረጥ፣ ከእናቴ መለየት ነው። የደም ምርመራው ውጤት የሚነገረኝ ቀን ሲደርስ፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነው አባቴ በከባድ መኪናው ይዞኝ ወጣ። እኔ እግሬ አላርፍ አለ።

"ፍሬን የምይዘው እኔ ነኝ" አለኝ ገዋኔን ስናልፍ። "አንቺን ምን ያስረግጥሻል?"

ምሳ ለመብላት ሚሌ ቆምን። የአባቴ ጓደኞች ቀድመውን ተቀምጠው ነበር፤ ገና ወንበር ሳልስብ አንዱ ሹፌር የፍየል ጉበት አዘዘልኝ። በዚህ መስመር ላይ ደም እንዳነሰኝ የማያውቅ ሹፌር የለም፤ ባገኙኝ ቁጥር ጉበት ነው። አባቴ ሐኪሟ እንደከለከለችኝ ያውቃል። ግን የጓደኛን ግብዣ መመለስ በእነሱ ዘንድ ስድብ ስለሆነ ሁሌም ዝም ይላል።

"ብዪ እንጂ፣ ደም ይሆንሻል።"

"ጋሼ፣ አልበላም።"

"የሹፌር ልጅ ሆነሽ ጉበት ፈራሽ?"

"ኬክ ይታዘዝላት" አለ የሰውዬው ረዳት፤ ሁሉም ሳቁ።

አባቴ ሳህኑን ያያል፣ እኔን ያያል። እስከ ዛሬ እሱን ላለማሳፈር እበላ ነበር፤ ዛሬስ ነገሩ አልዋጥ አለኝ።

"ጋሼ፣ የመኪናዎ ማርሚታ ቢደፈን፣ ጭሱ መውጫ ቢያጣ፣ ነዳጅ ይጨምሩለታል?"

"ሞተሬን ላቃጥል?"

"እኔም እንደዚያ ነኝ። ደሙ ብረት ያስገባል፣ የሚያስወጣልኝ ክኒኔ ብቻ ነው። ጉበት ደግሞ በብረት የተሞላ ነው።"

ሰውዬው ማኘኩን አቆመ። ወደ አባቴ ዞረና፣ "ወላሂ፣ ብረት ነው ስናበላት የከረምነው? አንተስ አፍ የለህም?" አለው።

"እናንተን አፍሬ ነዋ" አለ አባቴ።

ጉበቱ ለረዳቱ ተላለፈ። ለእኔ ሽሮና ሻይ መጣ። ሻይ ከምግብ ጋር ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዛል ብላኛለች ሐኪሟ። "ሻይ ደም ያደርቃል" ሲሉኝ ለኖሩት ሰዎች ይህን ስነግር ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሰመራ ሆስፒታል ደሙ ተሰክቶልኝ ውጤቱን ስጠብቅ ግን ደስታው በነነ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። በመጨረሻ ሐኪሟ ገባች።

"ወርዷል። ብዙ ይቀራል፣ ግን ክኒኑ እየሠራ ነው። አዲስ አበባው ይቅር። ምግቡስ?"

አባቴ እኔን አልጠበቀም። "እስከ ዛሬ ጉበት ትበላ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከእንግዲህ የለም" አለ።

ልነሳ ስል ነርሷ ትከሻዬን ያዘች።

"ክንድሽን አታንቀሳቅሺ።"

"ሰኞ ትምህርት ቤት እገባለሁ" አልኳት።

"ማን ጠየቀሽ?" አለችና መርፌው ላይ ሌላ ፕላስተር ጨመረች።