ወንድሜ የተሻረ ሰሞን

ወንድሜ ካናዳ ውስጥ ሚኒስትር ነበር ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። አልፈርድበትም፤ እኔም ስቄያለሁ። ይሄ ሰው ጆሃንስበርግ ሳለ ጄፕ በሚባለው የሐበሻ ነጋዴዎች ሰፈር የእድራችን ጸሐፊ ነበር፤ በስድስት ወሩ የእድሩ ድንኳን ጠፋበት። ድንኳን እኮ ነው! ስልሳ ሰው የሚያስቀምጥ ድንኳን። ለማን እንዳዋሰው እስከ ዛሬ አላስታወሰም። አባላቱ በአንድ ድምፅ አወረዱት፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ጓዙን ጠቅልሎ ካናዳ ገባ። እዚያ የድንኳኑን ጉዳይ የሚነግራቸው አላገኙ መሰለኝ፣ ከዓመታት በኋላ መረጡት።

ቶሎ ግን አልመረጡትም። ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ ሁለቴ ወደቀ። በሦስተኛው፣ ከሰው ላም በሚበዛበት ወረዳ፣ ክረምቱን ሙሉ በረዶ እየረገጠ የሰው በር ሲያንኳኳ ከርሞ ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት አለፈ። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ተቃዋሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሥራው መጮህ ነበር። የሚጮህበትን ቪዲዮ ይልክልኛል፤ እኔ በሻይ ሰዓቴ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ጓዳ ውስጥ አየዋለሁ። ልጅ ሆኖ እንጀራ ሲነፍጉት እንዲሁ ነበር ጠረጴዛ የሚደበድበው። አሁን ደመወዝ እየተከፈለው መደብደቡ ገርሞኝ ነበር።

ከዚያ ፓርቲው አሸነፈና ወንድሜ የክፍለ ሀገሩ የመንገድ ሚኒስትር ሆነ። ጄፕ በ«ሹመት ያዳብር» ተናወጠች። በማግስቱ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ጉርድ ፎቶ ይዞ መድኃኒት ቤት ድረስ መጣ፤ ለቪዛ ነው። የክፍለ ሀገር ሚኒስትር ቪዛ እንደማይሰጥ፣ የወንድሜ ሥራ በረዶ ማስጠረግና ጉድጓድ ማስደፈን እንደሆነ አስረዳሁት።

«ታዲያ ምኑን ሚኒስትር ሆነ?» አለኝ ፎቶውን ኪሱ እየመለሰ።

ያልሳቀችም «ሹመት ያዳብር» ያላለችም እናቴ ብቻ ነበረች። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ወሬውን ስነግራት የምትለቅመውን ምስር አስቀምጣ «ማን ለምኖት?» አለች፤ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። አባታችን በደርግ ጊዜ የአውራጃ አስተዳዳሪ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሬዲዮው ከሥልጣኑ መነሳቱን ተናገረ። በሦስተኛው ቀን ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜ ገና ጡት አልጣለም። ስለዚህ እናቴ ልጇ የተሾመ ዕለት ገና መፍራት የጀመረችው የሚሻርበትን ቀን ነው።

በየእሁዱ ሲደውል ጥያቄዋ አንድ ነበር።

«አሁንም እዚያው ሥራ ላይ ነህ?»

«አለሁ እማ።»

«ልቀቀው።»

«እማ፣ እዚህ እኮ ሰው ሲሻር አይታሰርም። ቤቱ ሄዶ ይተኛል።»

«አባትህም እንዲህ ነበር የሚለኝ» ትልና ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ አንድ ሐሙስ የክፍለ ሀገሩ መሪ ካቢኔውን እንደ ካርታ በወዘውና ወንድሜ ሳይደርሰው ቀረ። ወዲያው ጻፈልኝ። «ተነሳሁ። ደህና ነኝ። ለእማ እሁድ ራሴ ደውዬ ቀስ አድርጌ እነግራታለሁ፤ አንቺ ምንም እንዳትያት።» እኔም አፌን ቆለፍኩ። አወይ የኔ ነገር፣ እሱ ራሱ ፌስቡክ ላይ ጥርሱን ገልፍጦ የስንብት ምስጋና መለጠፉን አላየሁም ነበር። ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ የምንለው የሰፈር ሱቅ ያለው አንድ የእድራችን አባል አየውና፣ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ወደ አማርኛ መልሶ ለእድሩ ግሩፕ ላከው፤ «ወንድማችን ከሥልጣን ተወገደ» ብሎ። ፈገግታውን አልተረጎመም።

እድሩ መከረ። ለሞተ መተዳደሪያ ደንብ አለ፤ ለተሻረ የለም። ሊቀ መንበሩ ጄፕ ላይ ብርድ ልብስ የሚያከፋፍሉ፣ ከሆሳዕና የመጡ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ኀዘን ኀዘን ነው፣ ሄደን እናታቸውን እናጽናና ብለው ወሰኑ። መቼ? እሁድም ቢሆን ሱቅ አንድ ሰዓት ላይ ይከፈታል። እንግዲያው ከዚያ በፊት፣ ጎህ ሲቀድ እንሂድ ተባባሉ። ከሚሄዱት ስድስት ሰዎች አንዱ እንኳ «ቆይ፣ በጠዋት ተሰብስበን የሰው በር ስናንኳኳ ምን እንመስላለን?» አላለም።

የግቢው ደወል ሲጮህ እኔ መታጠቢያ ቤት ነበርኩ። እናቴ ጸሎቷን ጨርሳ ነጠላዋን እንዳጣፋች በሩን በሪሞት ከፈተች። ስድስት ወንዶች፣ ጥቁር ጃኬት ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ማንም ቃል ሳይተነፍስ ገቡ። በአገራችን ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ የሚያመጣው አንድ ነገር ነው፤ መርዶ።

ጩኸቷን ሰምቼ በፎጣ ወጣሁ። እናቴ ሣሩ ላይ ወድቃ «ልጄን! ልጄን!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ሰዎቹ መጀመሪያ ደነገጡ። ግን እናት እያለቀሰች ዝም ብሎ መቆም ነውር ስለሆነ እነሱም ማልቀስ ጀመሩ። ስድስቱም! እንባቸውን ሳይ እኔም አመንኩ። ሐሙስ ዕለት የጻፈልኝ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ሞቷል ብዬ፣ ፎጣዬን በአንድ እጄ ይዤ፣ የሊቀ መንበሩን ክንድ ጨበጥኩ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኖ ሞተ?»

እንባቸውን አቋረጡ። «ማነው የሞተው?»

«ወንድሜ ነዋ!»

«ኧረ በስመ አብ! ተሻረ ብለን ነው እንጂ። ለሹመቱ ነው የመጣነው ልጄ።»

ልመታቸው ፈልጌ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ነገሩን ለእናቴ ብንነግራትም አልሰማችንም። ተሽሯል የሚለው ቃልማ ለእሷ ከሞቱ የሚለይ ነገር አልነበረውም። «ደብቃችሁኝ ነው። ወስደውታል፤ ገድለውታል» አለች። በስልክ ላገናኛት ደወልኩ፤ ቁጥሩ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ፤ አይሠራም። ለካ ስልኩ የመሥሪያ ቤቱ ኖሯል፣ መልሶታል። እናቴ ፊቴን አይታ «አየሽ?» አለችኝ። የሚስቱን ቁጥር ፈልጌ ደወልኩ።

በሚስቱ ስልክ ወንድሜ በቪዲዮ ብቅ አለ። እነሱ ዘንድ ገና የቅዳሜ ምሽት ነው፣ እራት በልተው ተነስተዋል። አበባ ያለበት ሽርጥ አገልድሞ፣ እስከ ክርኑ አረፋ በአረፋ ሆኖ ቆሟል። ሊቀ መንበሩ በትከሻዬ በኩል አንገታቸውን አሰገጉ።

«ኤይሽ! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ይሄስ ጭራሽ የበላበትን ሳህን ያጥባል» አሉና የምር አዘኑ።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀች።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማ። ምን ሆናችሁ ነው?»

«ተሻርክ?»

«አዎ። ነገ ልነግርሽ ነበር።»

«የውጭውን በር ክፈተው።»

«እማ፣ ውጭ እኮ ብርድ ነው።»

«ክፈተው አልኩህ። መንገዱን አሳየኝ።»

ወንድሜ ሳይከራከር በእርጥብ እጁ ስልኩን ይዞ ሄደና በሩን ከፈተ። መንገዱ በበረዶ ነጭ ሆኗል፤ የመብራት ምሰሶ አለ፣ ሰው የለም። ወደ ግራ አዙረው አለችው፣ አዞረው። ወደ ቀኝ አለችው። አንድ መኪና በረዶ ለብሶ ቆሟል።

«ያ መኪና የማነው?»

«የእኔ ነው እማ።»

«ሰው አለበት?»

«ማን ይኖርበታል?»

«እይልኝ።»

በካልሲው በረዶው ውስጥ ገባ። የመስኮቱን በረዶ በክንዱ ጠርጎ ስልኩን መስታወቱ ላይ ለጠፈው። የልጅ መቀመጫና አንድ ነጠላ ጓንት ታየ። ሌላ ምንም የለም። እናቴ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ ለእኛ ተናገረች።

«ያኔ መኪናው ሁለት ቀን በራችን ላይ ቆሞ ነበር። ሁለት ወጣቶች ነበሩበት። እንግዳ መስለውኝ ቁርስ ወሰድኩላቸው። በሉልኝ። በሦስተኛው ቀን አባታችሁን ይዘውት ሄዱ።»

ይሄን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። ለማንም ነግራ አታውቅም። የአባቴን መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ስላልነበረ ቤታችን ለቅሶ ተቀምጠንለት አናውቅም፤ ማቅ አልለበሰችም፣ ጠጉሯን አልተላጨችም፣ ጠበቀች እንጂ። አሁን ማልቀስ ጀመረች፤ ቅድም እንዳለቀሰችው አይደለም፣ ቀስ ብላ ነው፣ የአባቴን ስም እየጠራች። ሊቀ መንበሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው እርጥቡ ሣር ላይ አጠገቧ ተቀመጡ።

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ እናታችን?» አሏት።

መንገር ጀመረች። አምስቱም አንድ በአንድ ተቀመጡ። ወንድሜ ስልኩ ውስጥ በረዶው ላይ እንደቆመ ያለቅሳል። ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ወጣች፣ አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሱቁን ለመክፈት ግን ማንም አልተነሳም።