ክፍተቱ ላይ የቆመው እንግዳ

ኢድወል ሀቮድ ጎረቤቴ ነው። ሀቮድ የእርሻው ስም ነው እንጂ የአባቱ አይደለም፤ በእኛ የዌልስ ሸለቆ ሰው የሚጠራው በእርሻው ነው። እኔንም ዲሊስ ወፍጮ ይሉኛል፤ ወፍጮውን ግን እኔ ቀርቶ አያቴም አላየችውም።

ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት እንደ ኢድወል አምኖ የኖረበት ሰው አላውቅም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ለሁለቱም ታወራ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ከዚያ ቤት የሚሰማው የግድግዳው ሰዓትና የውሻው ማንኮራፋት ብቻ ሆነ። ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ በጌ ገደል ስትገባ በገመድ ወርዶ ያወጣልኝ እሱ ነው። ላመሰግነው አፌን ስከፍት ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ቤቱ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ደግነቱም ያበሽቃል።

ያለችው አንዲት ልጅ ነስታ ናት። ስምንት ዓመት ዋና ከተማችን ካርዲፍ ተቀምጣ፣ ደህና ሥራ ይዛ ኖረች። ባለፈው ዓመት ለአንድ በጋ ፈቃድ ወስዳ መጣችና ላይኛው ማሳ ላይ ሦስት ድንኳን ተከለች። ድንኳን ስል የለቅሶ ድንኳን እንዳይመስላችሁ። ሰፊ አልጋ አለው፣ ምንጣፍ አለው፣ የእንጨት ምድጃ አለው፤ ደጃፉ ላይ ደግሞ ከሥሩ እሳት የሚነድለት የመታጠቢያ ገንዳ ተቀምጧል። የከተማ ሰው ልጆቹን ይዞ እየመጣ እዚያ ይሰነብታል።

"ቤት እያላቸው ድንኳን ውስጥ የሚተኙት ምን ሆነው ነው?" አልኳት።

"ዝናብ ሲወርድ መስማት ደስ ይላቸዋል፣ አክስቴ።"

"እሱማ ከሆነ ቦታውን አልሳቱም" አልኳት። በእኛ አገር በጋ ማለት ዝናቡ ትንሽ ሞቅ የሚልበት ወቅት ነው።

አክስቴ ትበለኝ እንጂ የሥጋ ዝምድና የለንም። እናቷ ከሞተች ወዲህ የልቧን የምትነግረው ለእኔ ነው። በሰኔ አንድ ቀን ድስት ልትመልስልኝ መጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠችና፣ "አባዬ እንድቀር ይፈልጋል?" አለችኝ።

"ለምን አትጠይቂውም?"

"ጠየቅኩት። 'እንዳሻሽ' አለኝ።"

"እንዳሻሽ ማለት ሂጂ ነው ቅሪ?"

"እሱን ባውቅ አንቺ ጋ እመጣ ነበር?" አለችና ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። "አለቃዬ ትመለሺ እንደሆነ እስከ በጋው መጨረሻ መልስ ስጪኝ ብላኛለች። እኔ መቅረት ነው የምፈልገው። ግን በማይፈልገኝ ሰው ቤት አልቀመጥም፣ አባቴም ቢሆን። አንዲት ቃል ትበቃኛለች፣ አክስቴ።"

ከኢድወል አንዲት ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውሃ ከማለብ አይቀልም፤ ይህን ግን ለልጅቷ አልነገርኳትም። ሻይዋን ደገምኩላት።

አሁን የበጎቹን ነገር መናገር አለብኝ። በጎቻችን በጋውን የሚከርሙት አጥር በሌለው ተራራ ላይ ነው። የሽለታው ጊዜ ሲደርስ የሸለቆው ሰው ሁሉ በአንድ ጠዋት ወጥቶ፣ በእግርም በውሻም በሞተርም፣ ቁልቁል ይነዳቸዋል። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ቤት የራሱ መቆሚያ አለው፤ ከእናት ከአባት የተወረሰ ነው። የቤቱን ሰው ሌላ ሥራ ከያዘው ምትክ ያቆማል። አገር ጥሎ የሄደ ሰው ግን ምትክ አይቆምለትም፤ ቦታው ለሌላ ቤት ይሰጣል፣ አለቀ። ደግሞም የቆመ ሰው፣ ያቆመው መጥቶ "በቃ" እስኪለው ድረስ አይነቃነቅም።

የሀቮድ ቤት መቆሚያ ከተራራው ወገብ ላይ፣ እርሻዎቻችንን ከተራራው የሚለየው የድንጋይ ካብ የሚቋረጥበት ክፍተት ነው። ጅረቱና የእግር መንገዱ አብረው ስለሚያልፉበት አይዘጋም። በግ በዚያ ካመለጠ የጥድ ጫካው ውስጥ ይገባል፤ ጫካ የገባን በግ ማውጣት ደግሞ ለጠላትም አይመኙት። ነስታ ካርዲፍ ከሄደች ወዲህ እዚያ የሚቆም ሰው ጠፋ። በጎቹ በየዓመቱ ያመልጣሉ፣ ኢድወልም በየዓመቱ ጫካ ለጫካ ሲንከራተት ይሰነብታል። "የወንድሜን ልጅ ላቁምልህ፣ አለዚያም ቦታውን ለእኛ ልቀቅ" እለዋለሁ። "አይሆንም" ይለኛል። ግትር በቅሎ ብዬ ተውኩት።

ባለፈው በጋ ዝናቡ አላሰበስብ ብሎን ሰነበተ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሰማዩ ተከፈተና ከእርሻ ወደ እርሻ ወሬው ሄደ። ጉዱ፣ በዋዜማው ዓርብ ነስታ እንግዶች ተቀብላ ነበር። ዴዝሞንድ የሚባል የበርሚንግሃም ሰው፣ ሚስቱ ኦድሪና ሁለት መንታ ሴቶች ልጆች ናቸው። ለነስታ እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ባለሙሉ ሳምንት እንግዶች ስለነበሩ እንደ ሙሽራ ነው የያዘቻቸው።

ያን ጠዋት ነስታ ወጥ ቤት ገብታ ነፍሷን አታውቅም። በአንድ በኩል የሸላቾቹ የበግ ሾርባ፣ በሌላ በኩል የእንግዶቹ ቁርስ። አባቷ ቦት ጫማውን ሲያጠልቅ ከምድጃው ሳትዞር፣ "አባዬ፣ እባክህን እንግዶቹን እንዳትረብሽብኝ" አለችው።

"እሺ" አለ ኢድወል።

እሺ ብሎ በባለ አራት ጎማ ሞተሩ ወጣ። እኔም ውሾቼን ይዤ ከኋላው ነበርኩ፤ ዓይኔ እያየ ነው የሆነው። የላይኛው ማሳ በር ጋ ሲደርስ ቆመ። ወደ ተራራው አየ፤ ወደ ቤቱ ዞሮ የወጥ ቤቱን ጭስ አየ። ልክ በዚያች ሰዓት ዴዝሞንድ በቁምጣና በላስቲክ ቦት ጫማ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የጥርስ ብሩሹን እንደያዘ ሊታጠብ ይወርዳል።

"ደህና አደሩ!" አለ ዴዝሞንድ፤ ደስ የሚል ሰው ነው።

ኢድወል የሞተሩን ኋላ በእጁ መታ መታ አደረገ። "ውጣ" አለው።

ሰውየው የሽርሽሩ አካል መስሎት እየሳቀ ወጣ። እኔ "ኧረ ኢድወል" ብልም የሞተሩ ድምፅ ዋጠኝ። በኋላ እንደሰማሁት ክፍተቱ ጋ አውርዶ በትሩን ሰጠውና፣ "እጅህን ዘርጋ። ምንም እንዳታሳልፍ። እስክጠራህ ቁም" ብሎት ሄደ። ከኢድወል አፍ ይህ ንግግር ነው።

ከዚያ ጉም ወረደ። የገዛ ውሻዬ ጠፋብኝ ብላችሁ ይበቃል። በጎቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ክፍተቱ መሮጥ ትተው በማዶ በኩል፣ በእኔ መሬት አድርገው ወረዱ፤ እኛም በዚያው ነዳናቸው። ሁሉም ተደሰተ። ሽለታው ተጀመረ፣ መቀሱ ጮኸ፣ ጸጉሩ ተከመረ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ሀቮድ ቤት ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ኢድወል የሾርባውን ሁለተኛ ሳህን እያጋመሰ ነበር፣ ኦድሪ መንታዎቹን ይዛ በሩ ላይ ብቅ ስትል።

"ይቅርታ፣ ባለቤቴን ያየ ሰው አለ? ሊታጠብ እንደወጣ አልተመለሰም።"

የኢድወል ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። የእኔም፤ ጠዋት ሲወስደው አይቼ እኔም ረስቼዋለሁ።

እንዲያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም፤ ሞተሩን አስነስቶ ተፈተለከ። ነስታም ሽርጧን እንዳሰረች ተከተለችው፤ ኦድሪ ልጆቹን ለሸላቾቹ ትታ ተከተለች፤ እኔም ነገሩ ጎትቶኝ የሀቮድን ትራክተር አስነስቼ ሁለቱን አሳፈርኳቸው። ጉሙ ውስጥ ስንደርስ ዴዝሞንድ ፎጣውን እንደ ሻሽ ጠምጥሞ፣ ሁለት እጁን እንደዘረጋ ቆሟል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ፊት ለፊቱ አንዲት አሮጊት በግ ግልገሏን ይዛ ቆማ ዓይን ለዓይን ተፋጠዋል።

"አላሳለፍኳትም" አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?" አለች ኦድሪ ጃኬቷን አውልቃ እያለበሰችው። "እስካሁን እዚህ ነው የቆምከው?"

"እስክጠራህ ቁም አለኝ እኮ። ባቡር ነጂ ነኝ፣ ውዴ፤ ምልክት ሳይሰጠኝ ተንቀሳቅሼ አላውቅም።"

ኦድሪ ወደ ኢድወል ዞረች። "ባሌን ሊያርፍ ነው ያመጣሁት። ቤቱ ሲሆን በትርፍ ሰዓት ሥራ አላየው፤ እዚህ ደግሞ እርስዎ በግ ጠባቂ አደረጉት?"

እውነቷን ነበር። ነስታ ግን ሁላችንንም ቀደመች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ሆን ብለህ ነው፣ አባዬ" አለች። "አትረብሻቸው አልኩህ፣ እሺ አልከኝ። ድንኳኖቹን አትወዳቸውም። እኔም እንድሄድልህ ነው የምትፈልገው። ታዲያ ሂጂ ብትለኝ ምን ነበረበት? ሰው በብርድ መቅጣት ነበረብህ?"

ኢድወል ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ፣ እንግዲህ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ። እግሩም ሊዞር ዳድቶት ነበር፣ አይቻለሁ። አልሄደም። ዞሮ መናገር የጀመረው ግን ለልጁ አልነበረም፤ ለዴዝሞንድ ነው፣ በዚያ ከዌልስኛውም በሚያንስ እንግሊዝኛው።

"ይቅርታ አድርግልኝ" አለው። "ረሳሁህ። ጥፋቱ የእኔ ነው።" ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። "ይህ ቦታ የልጄ ነው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እዚህ የምትቆመው እሷ ናት። ከተማ ስትሄድ ስጠው አሉኝ። ይቺ ሴትዮም አለችኝ።" እኔን በአገጩ ጠቆመ። "የሄደ ሰው ቦታው ይሰጣል፤ ደንባችን ነው። እኔ አልሰጠሁም። ምትክም አላቆምኩም፤ ምትክ ቤት ላለ ሰው ነው የሚቆመው። በጎቹ ይሂዱ ብዬ ተውኳቸው።"

ስምንት ዓመት ሙሉ በቅሎ ስለው የከረምኩት ሰው ይህን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነበር።

"ዛሬ ጠዋት ከወጥ ቤቱ ጭስ ሲወጣ አየሁ" አለ ኢድወል። "ቤት ነች፣ ሥራ ይዟት ነው አልኩ። ምትክ ሳቆምላት ደስ ብሎኝ ነበር። ሲያልፍ ያገኘሁት አንተን ነው።"

ዴዝሞንድ በሚስቱ ጃኬት ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ራሱን ነቀነቀ። እንደገባው ከፊቱ ያስታውቃል። "እንዲህ ከሆነማ" አለ፣ "በደንብ ነው የቆምኩላት።"

ነስታ ካቡ ላይ ቁጭ አለች። በሽርጧ ፊቷን ጠረገች፤ እንደገና ጠረገች።

"ለእኔ መንገር አቅቶህ ነው ለእሳቸው የምትነግረው?" አለች።

"እየነገርኩሽ እኮ ነው" አለ ኢድወል፣ አሁንም ዴዝሞንድን እያየ።

መጀመሪያ የሳቀችው ኦድሪ ናት። ሳይወድ በግድ የሚመጣ ሳቅ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ "ያ የመታጠቢያ ገንዳ አሁኑኑ እንዲሞቅ እፈልጋለሁ፤ እንጨቱንም እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚፈልጡት" አለችው። ኢድወል እሺ አለ። ዴዝሞንድ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ምን ነካው ብለን ስናየው ኢድወልን እየጠበቀው ነው።

"በቃ" አለው ኢድወል። ያኔ ሰውየው እጁን አወረደ፤ አሮጊቷም በግ እንደ ጥይት በእግሮቹ መሃል ሾልካ ግልገሏን አስከትላ ጫካ ገባች። ኢድወል ዞር ብሎም አላያት።

ስንወርድ ነስታ ከአባቷ ኋላ ሞተሩ ላይ ነበረች። በትራክተሩ ከጎናቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ።

"በጥቅምት በጎቹ እንደገና ሲሰበሰቡ እኔ እቆማለሁ" አለችው። "ግን እንግዶች ይኖራሉ። ቁርሳቸውን ማን ያደርሳል?"

ኢድወል መንገዱን እያየ፣ "እኔ" አለ።

"አንተ? እንቁላል መጥበስ ትችላለህ?"

"እንቁላል ምን አለው" አለ፣ በዕድሜው እንቁላል ሰብሮ የማያውቀው ሰው።

ሰኞ ጠዋት እኔ ዘንድ የቀሩ ሁለት በጎቹን ልመልስ ስሄድ የቤቱ በርም መስኮትም ተከፍቶ ጭስ ይወጣል። ሮጬ ገባሁ። ኢድወል ምድጃው ላይ አጎንብሷል፤ አጠገቡ ሦስት የከሰለ እንቁላል ያለበት ሳህን፤ መጥበሻው ላይ አራተኛው ይንጫጫል። ውሻው ተራውን እየጠበቀ ነው። ነስታ መስኮቱ ጋ ቆማ ስልክ ታወራለች። ካርዲፍ ላለችው አለቃዋ ነው የደወለችው።

"አይ፣ አመሰግናለሁ" ስትል ሰማሁ። "በደንብ አስቤበታለሁ።"

ኢድወል ቀና አላለም፣ ወደ እሷም አልዞረም። እንቁላሉ እየጮኸ ቃሏን እንዳያስቀርበት ብቻ እጁን ሰድዶ መጥበሻውን ከእሳቱ ላይ አነሳው።