ለአብርሃ ካሜራ ሞላ ፍለጋ

ማሚትና ባሏ አብርሃ ላንቻ እኛ ግቢ ተከራይተው የገቡት ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ ነው። አብርሃ አርባ ዓመት ሙሉ ፎቶ አንሺ ነበር። ካሜራው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ የሚያነሳበት ትልቅ የእንጨት ዕቃ ነው፤ በስልክ ማንሳት ከተለመደም ወዲህ ለሠርጋቸው እሱን የሚፈልጉ ቤተሰቦች አልጠፉም። ዕቃ ሲጫን ታዲያ ካሜራው ከአይሱዙው ላይ ወደቀ። እንጨቱም ሌንሱም ተረፉ። ብርሃኑን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሻተር ግን እንደተዘጋ ቀረ።

በገቡ በሦስተኛው ሳምንት አብርሃን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተያዘ። ከሆስፒታል ሲመለስ ምግብ እምቢ አለ። ማሚት አጥሚቱን በማንኪያ ስታቀርብለት ከንፈሩን ይገጥምና በግራ እጁ ጥግ የቆመውን ካሜራ ያሳያታል። አውጪልኝ የሚላት መስሏት ልታነሳው ስትል እንባው ወረደ። ያኔ ገባት። እኔን ጠርታ፣ «ይሄ ነገር ካልተሠራ አይበላም። ካልበላ ደግሞ ይሞትብኛል» አለችኝ።

ሰኞ ሌንሱን ከነሻተሩ ነቅላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። ቄራ ያገኘችው ሰዓት ሠሪ ከፍቶ አየውና ውስጡ ያለችው ሞላ መሰበሯን ነገራት። ከፀጉር የቀጠነች ነገር ናት። የሰዓት ሞላ ቢሞክርባት አልገጠመችም። በማግስቱ አንድ ብረት ሠሪ ከሽቦ ጠምዝዞ ሠራላት፤ ሽቦው ጠነከረና የሻተሩን ስስ ቅጠል ሊቀድደው ሲል እሷው ጮኻ አስቆመችው። ረቡዕ ወሎ ሰፈር የካሜራ ሱቅ ያላት ኢፍቱ የምትባል ልጅ በስልኳ ፈልጋ ፈልጋ ውጭ አገር አንድ ሞላ አገኘችላት። በፖስታ እስኪመጣ ሁለት ወር ነው ስትላት ማሚት ሌንሱን መልሳ ቋጥራ ወጣች። አብርሃ ሁለት ወር አልነበረውም።

ልጅቷ እስከ በሩ ተከትላት፣ ካዛንቺስ እነዚህን አሮጌ ካሜራዎች ይጠግኑ የነበሩ አቶ ገብረጻድቃን የሚባሉ ሽማግሌ እንደነበሩ ነገረቻት። ማሚት ሐሙስ ካዛንቺስ ሄደች። የእሳቸው ሱቅ ቀርቶ ሱቁ የነበረበት መንገድም የለም። በቆርቆሮው አጥር ዙሪያ ሄዳ ተመለሰች፤ የምትጠይቀው ሰው አላገኘችም። የዚያን ቀን ቤት ስትገባ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አብርሃ ከስቶ በምስማር የተሰቀለ ልብስ መስሏል።

ሌላ የምታደርገው ስታጣ ለቀድሞ ዕድራቸው ጸሐፊ ደወለች። ሰፈሩ ቢበተንም ጸሐፊው ማን የት እንደገባ በደብተር ይዟል። ሽማግሌው ቂርቆስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበሩ።

አቶ ገብረጻድቃን ሻተሩን ወደ መስኮቱ አስጠግተው እያገላበጡ አዩት። ከዚያ ከአልጋቸው ሥር የወተት ጣሳ አውጥተው ዝገት የበላው የእሱኑ ዓይነት የሞተ ሻተር አገኙበት። ሞላውን በወረንጦ አውጥተው ለመግጠም አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። በየመሀሉ ያርፉ ነበር። ማሚት እስኪጨርሱ እንደቆመች ጠበቀች።

ሻተሩ ሲሠራ በሩጫ አመጣችው። አብርሃ በግራ እጁ ቁጥሩን አንድ ሴኮንድ ላይ አደረገውና እንድትጫነው ጠቆማት። ተከፈተ፤ ቆየ፤ ተዘጋ። አብርሃ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። በጣቱ የአልጋውን ብረት ሁለት ጊዜ መታ፣ መሀሉን አሳጥሮ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አጥሚቱ እንደቀረበ ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሳ ሄደች።

«ጋሼ፣ ይዘገያል» አለች።

«ማነው ዘገየ ያለው?» ሽማግሌው ቅር ብሏቸዋል።

«ባለቤቴ።»

«አንደበቱ ተይዟል አላልሽኝም ነበር?»

«አይናገርም። ድምፁን ሰምቶ ነው። ትክክሉን በጣቱ መታልኝ።»

አቶ ገብረጻድቃን ካፖርታቸውን ለበሱ። ካቻቪቴያቸውን በመሐረብ ጠቅልለው፣ «ውሰጂኝ» አሏት።

የዚያን ቀን ከሰዓቱን ሁሉ አልጋው ጫፍ ተቀምጠው ዋሉ። ይፈታሉ፣ ያጠብቃሉ፣ ይጫናሉ። አብርሃ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ብረቱን ይመታል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሽማግሌው ብሎኗን በተሳሳተ በኩል ሲያዞሩ በግራ እጁ ክንዳቸውን ያዘ። አልተቀየሙም፤ «እውነትህን ነው» ብለው ብሎኗን ወደ ኋላ መለሷት። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አልተስተካከለም ነበር። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንደሚመጡ ነገሩት።

ሽማግሌው ካቻቪቴያቸውን በመሐረቡ ሲጠቀልሉ ማሚት አጥሚቱን አሙቃ ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠጋች። አብርሃ ዓይኑን ከሽማግሌው እጅ ሳይነቅል አፉን ከፈተ። ዋጠ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም፣ አራተኛም። ማሚት መብላቱን አስተውሎ እንዳያቆም ብላ ትንፍሽ አላለችም።