ኩፍኝ ጆሮ የለውም

እናቴ ኩፍኝን በስሙ አትጠራውም፤ «ያ ነገር» ነው የምትለው። ዘንድሮ ሆሳዕና ከተማ እኛ ሰፈር የገባ ጊዜ እሷም ልትጠይቀን ከዱራሜ መጥታ ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ ስሙን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረዳለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ለሰላም ስል እኔም «ያ ነገር» ማለት ጀመርኩ።

ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ እንዲህ ያለ ዘዴ አታውቅም። ራት ላይ እንደ ዜና አንባቢ ኮራ ብላ «ኩፍኝ ገብቷል፤ ያልተከተበ ይከተብ ተብለናል» አለች። እናቴ ልትጎርስ ያነሳችውን መልሳ አስቀመጠች።

«ዝም በይ ልጄ። ስሙን የጠሩበት ቤት ይመጣል።»

በሳምንቱ ትንሹን ልጄን አተኮሰው፤ ፊቱ ላይ ሽፍታ ወጣ። ሁለተኛው ክትባቱ ገና ነበር። ጤና ጣቢያ ያየችው ነርስ ኩፍኝ መሆኑን ነግራን፣ ቫይታሚን ሰጥታው፣ በደንብ ይጠጣ፣ አተነፋፈሱ ከተለወጠ ቶሎ አምጡት ብላ ሸኘችን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ አፏን ዘጋች። ቤት ውስጥ በሽተኛ እያለ ኩርፊያ የሚችል ትከሻ የለኝም። «ምላስሽን ማን ዋጠው?» ብዬ ጮህኩባት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እማዬ፣ የጠራሁት እኔ ነኝ። ሊሞት ነው?»

አንጀቴን በላችው። በእናቴም በራሴም ተናደድኩ። አጠገቤ አስቀምጬ «በሽታ ጆሮ የለውም» አልኳት። «ብትጠሪውም ባትጠሪውም አይሰማሽም። የታመመ ሰው ሲያስልና ሲያስነጥስ ነው የሚተላለፈው። እኔም ፈርቻለሁ፤ ግን እየጠበቅነው ነው፣ ነርሷም ተስፋ ሰጥታናለች።»

«እኔ አይደለሁማ?»

«አይደለሽም።»

እስክትተኛ ድረስ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ እኔም ሳልሰለች መለስኩላት።

ትኩሳቱ የለቀቀው ጠዋት ልጁ ገንፎ ሲያይ እጁን ዘረጋ። እፎይ አልኩ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እህቱ በአንድ ጊዜ የሦስት ቀን ወሬዋን ለቀቀችው። እናቴ ብቻ ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች።

«ታናሽ ወንድሜ በዚያ ነገር ሲሞት» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ስሙን የጠራሁት እኔ ነበርኩ። እንደዚች ልጅ ነበርኩ። እውነት ጆሮ የለውም?»

«የለውም እማ።»

ተቀመጠች። ብዙ አለቀሰች፤ አባብዬ ላስቆማት አልፈለግሁም። ሲወጣላት ፊቷን ጠርጋ ልጅቷን ወደ ጭኗ ሳበች።

«እንግዲያው ወንድሜን የገደለው ኩፍኝ ነው» አለች።