የአርባ ቀን አፍ

ባለፈው ቅዳሜ፣ የሥራ ባልደረባችን ሠርግ ላይ፣ ጦር ኃይሎች አካባቢ ያለው አዳራሽ ውስጥ ሳህኔን ይዤ ተሰልፌ ነበር። ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ፣ ከሌላው ምግብ ራቅ ብሎ፣ በእስክሪብቶ «የሙስሊም» ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን ቆሟል። ከኋላዬ የነበረች ልጅ ሒጃቤን አየችና «የእናንተ እዚያ ጋ ነው» ብላ በትሕትና አሳየችኝ። ሄጄ ክዳኑን ሳነሳው የቅቤና የኮረሪማ ሽታ ፊቴ ላይ ወጣ፤ ክትፎ ነው። ሐላል መሆኑ ተጽፎበታል፣ ማንም አይናገረኝም፤ እኔ ግን ሩዝ ብቻ አውጥቼ ተመለስኩ። «ምነው፣ ክትፎ አትወጂም እንዴ?» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ያን ቀን ሳቅ ብዬ አለፍኩሽ እንጂ መልሱ አጭር አይደለም።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እኔና እናቴ የምንኖረው ኮልፌ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። አባቴ የሞተው አራት ዓመት ሳይሞላኝ ነበር። እናቴ የሰለመችው እሱን ስታገባ ነው። በዚህ የተነሳ የእሷ ወገኖች እንደ ሞተች ቆጥረዋታል፤ የእሱ ወገኖች ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ሰግዳም ጾማም እንደ ትናንት መጤ ያዩአታል። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሐጅ አድርገው ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ ሐጃ ይላቸዋል፣ እኛም እንደ ሰፈሩ። ክፉ ሴት አልነበሩም፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ለዒድ ለልጃቸው የሚያሰፉትን ቀሚስ ከዚያው ጨርቅ ለእኔም ያሰፋሉ። ግን እናቴ ስትሰግድ በእኛ በር በኩል ካለፉ ቆም ብለው አሰጋገዷን ያዩ ነበር። እናቴም እንደሚያዩአት ስለምታውቅ ግንባሯን መሬት አስነክታ ሱጁዷን ታስረዝመዋለች።

የሐጃ ልጅ ከእኔ በሦስት ወር ትበልጣለች። ያቺን ሦስት ወር እንደ ሦስት ዓመት አድርጋ ነበር የምትቆጥርብኝ፤ እኔም ግድ የለኝም፣ እወዳት ነበር። እህት የለኝም፣ ያለችኝ እሷ ናት። ጠዋት አንድ ትምህርት ቤት እንሄዳለን፣ ከዓስር ሶላት በኋላ አንድ ቁርኣን ቤት እንቀራለን። የቁርኣን ቤታችን በቆርቆሮ የተሠራ ክፍል ነበር። ቆርቆሮው አሮጌ ስለሆነ በየምስማሩ ቀዳዳ ፀሐይ ይገባና ጅባው ላይ፣ መጽሐፋችን ላይ፣ የልጆቹ ፊት ላይ ትናንሽ ክብ ብርሃን ይጥላል። እኔ ብርሃኑ ካረፈበት ቃል ጀምሬ ነበር የማጠናው። ክረምት ሲሆን ደግሞ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ድምፃችን አይሰማምና ኡስታዛችን በአለንጋው ጫፍ መሬቱን እየመታ ምቱን ይጠብቅልናል። አለንጋው ሰው ላይ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም።

በዚያ ዓመት ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የልጆቹ እናቶች ተሰብስበው አንዲት ልጅ ሱረቱል ሙልክ የተባለውን የቁርኣን ምዕራፍ በቃሏ እንድትቀራላቸው ተወሰነ። ልጅቷ ወይ እኔ ነኝ ወይ የአክስቴ ልጅ፤ ከሁለታችን ውጭ የሚሆን እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። እናቴ ዐረብኛ ማንበብ አትችልም። ግን ልብስ ስታጥብ አጠገቧ ቁጭ አድርጋ ስለምታስቀራኝ ሙልክን ከእኔ አፍ ለቅማ ግማሹን ይዛዋለች። ስትሳሳት አርማታለሁ፣ ትስቃለች። ይህ ቅሪያ ለእሷ ምን እንደሆነ በዚያ ዕድሜዬም ገብቶኛል። ሴቶቹ «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ሲሉ ሐጃ እራሳቸው በአፋቸው «የእሷ ናት» ብለው እናቴን ማሳየታቸው ነው። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ የሚያያት አይኖርም።

በዚህ መሀል የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ደረሰ። ጎረቤታችን ክርስቲያን ናት፣ ባሏ እንጨት ነጋዴ ነው። ወጉን ታውቂያለሽ፤ እኛ የእነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የእኛን። ስለዚህ ለብዙሃኑ በሬ ሲታረድ ለእስላሙ እንግዳ ለብቻው በግ በእኛ ሰው እጅ ታረደ። ድስቱ የሚጣደውም በሌላ ጓሮ ነው፣ ጭልፋው እንዳይቀላቀል አረንጓዴ ክር ይታሰርበታል። ያንን የእስላም ድስት እንድትጠብቅ የተላከችው እናቴ ነበረች። ሐጃ ናቸው የላኳት። እናቴ በደስታ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ታመነች ማለት ነዋ።

ከሰዓት በኋላ የአክስቴ ልጅ ከውኃ ሮቶው ጀርባ ጠራችኝ። ዳር ዳሩ አበባ ያለበት ሳህን ይዛለች፣ ሳህኑ ላይ ክትፎ አለ። ለእኛ የታረደው በግ እንደሆነ አውቃለሁና ክትፎ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኋት። እናቷ ከቤት አሠርተው ያስመጡት ነው አለችኝ። አመንኳት። ደግሞ ይጣፍጥ ነበር፣ አልዋሽሽም። ሁለታችን በአራት ጉርሻ ጨረስነው። እጃችንን ስንልስ ጎረቤታችን ከጀርባችን መጣች፣ ሳህኑን አየችና እጇን ራሷ ላይ ጫነች። የአክስቴ ልጅ ሳህኑን እጄ ላይ ትታ ሮጠች። ጎረቤታችን ግን አልተቆጣችም፤ ጎንበስ ብላ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ሂጂ አፍሽን ተጉመጥመጪ» አለችኝና በነጠላዋ ጫፍ ጣቶቼን ጠረገችልኝ።

በማግሥቱ ወደ ቁርኣን ቤት ስንሄድ የአክስቴ ልጅ ጭቃው መሀል አስቆመችኝ። ክትፎው ከየትኛው ድስት እንደመጣ ስትሰጠኝም ታውቅ እንደነበር ነገረችኝ፤ ሽታው አስጎምጅቷት ነው። እናቷ ካወቁ እንደሚገድሏት፣ የእኔ እናት ግን እንደማትመታኝ አስረዳችኝ። እጄን ጨብጣ «ወላሂ በይ» አለች። «ወላሂ ማን እንደ ሰጠኝ አልናገርም» አልኩ። እቅፍ አድርጋኝ አለቀሰች። ያን ጊዜ የተሰማኝ ኩራት ነው፤ ምስጢሯን ይዤላታለሁ፣ ታላቄ በእኔ እጅ ናት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኡስታዙ ለሙልክ እኔን መረጠ። ሐጃ ለልጃቸው ነጭ ቀሚስ አሰፍተው ጨርሰው ነበር። በዚያ ማታ ከትልቁ ቤት ቁጣ ሲሰማ ቆየ፤ «የእሷ ልጅ በለጠችሽ?» የሚለው እኛ ክፍል ድረስ መጣ። የልጅቷን ለቅሶ ሰማን፣ ቀጥሎም ሐጃ እኔንና እናቴን አስጠሩን።

የሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ቆምኩ። የአክስቴ ልጅ እናቷ እግር ሥር ተቀምጣ የምንጣፉን ክር ትነጫለች። ከክርስቲያኑ ድስት ስበላ አይታኛለች ተብሏል። ስበላ አይታኛለች! ከዚህ ሌላ የተባለ ነገር የለም።

«በልተሻል አልበላሽም?» አሉኝ ሐጃ።

«በልቻለሁ።»

«ማን ሰጠሽ?»

አየኋት። ቀና አላለችም። ወላሂ ብያለሁ፣ በአላህ ስም የማለ ሰው ቃሉን ሲበላ ምን እንደሚሆን ደግሞ በዚያው ሳምንት ነው የተማርነው። ወደ እናቴ ዞርኩ። እናቴ እጆቿን አጣምራ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ዓይኗ ዓይኔን ሳያገኘው አለፈ። ሐጃ ዝምታዬን አዩና ወደ እሷ ዞሩ። «የእኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው» አሉ። «አንቺን አምነን ድስቱን ሰጠንሽ። ልጅሽ ግን አንቺ ወደ ለመድሽው ድስት ሄደች።»

እናቴ ተንበረከከች። ልጅ ናት፣ አውፍ በሏት፣ አይደገምም አለች። ሐጃ አፌን እንድታጥበኝ አዘዙ፤ እንዲህ ያለ ነገር የገባበት አፍ አርባ ቀን ቁርኣን አይገባበትም አሉ። ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ ማንም አልጠየቃቸውም። እናቴ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር አስጎንብሳ በጣቷ ጥርሴን፣ ድዴን፣ ምላሴን አጠበችኝ። ውኃው በረዶ ነበር።

ኡስታዙ በነጋታው ለብቻዬ ጠርቶ የሚያስፈራ ነገር ሳይናገር ጠየቀኝ። ከየትኛው ድስት እንደሆነ አላውቅም ነበር አልኩት። ሳታውቂ ለበላሽው ወንጀል የለብሽም፣ የአርባ ቀኑም ነገር ኪታብ ላይ የለም አለኝ። ልቤ ሞላ። ቀጥሎ አለንጋውን እያገላበጠ «ዘንድሮ ግን እሷ ትቅራ፣ የሰው አፍ ይረፍ» አለ። ወንጀል ከሌለብኝ ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም፤ እንደዚያ አይጠየቅም። ከሐጃ ቁጣ ይልቅ ያቺ ለስላሳ ንግግሩ ናት ለብዙ ዓመት ያቃጠለችኝ።

የቅሪያው ዕለት ግቢው ውስጥ ጅባ ተነጥፎ፣ ቴምር ተዘርግቶ፣ ሴቶቹ በነጭ ነጭ ተቀምጠው ነበር። ከቀራንዮ በኩል የሚመጣው ነፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ያመጣል። እኔና እናቴ ከኋላ፣ ከጫማዎቹ አጠገብ ነን። የአክስቴ ልጅ በአዲሱ ቀሚሷ ቆመችና ጀመረች። ድምፅዋ ያምራል፣ መቼም ቢሆን ያምር ነበር። ስለ ወፎቹ ከሚናገረው አንቀጽ ስትደርስ ግን ቆመች። አንድ ቃል ነው የጠፋት። በእኛ ልማድ የሚቀራው ሲስት የሚያውቅ ሰው ካለበት ሆኖ ያቀብለዋል። ኡስታዙ ቀና ብሎ በሴቶቹ ራስ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አፌን በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት፤ ገና ዘጠነኛው ቀን ነዋ፣ ሠላሳ አንድ ቀን ይቀረኛል። በመጨረሻ እሱ ራሱ አቀበላትና ጨረሰች፣ ሴቶቹም ማሻአላህ አሏት። ሲበተን የአክስቴ ልጅ መጥታ ከሽልማቷ ከረሜላ አንድ እፍኝ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። የሚያሳፍረው፣ በላሁት።

ከዚያ በኋላ ሰው ፊት ቀርቼ አላውቅም። አደግን፣ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ፣ እናቴን ይዤ ወጣሁ። ሐጃ ሞቱ፣ አላህ ይማራቸው። ልጃቸው አስኮ አግብታ አራት ወልዳለች፤ ለዒድ ትደውልልኛለች፣ እኔም አነሳለሁ፣ ስለ ልጆቿ እንጫወታለን። አንድም ቀን ያንን ነገር አላነሳችውም። እኔ ግን በልቤ እሷን ከዳተኛ ብዬ የያዝኩትን ቂም እንደ ልጅ አሳድጌዋለሁ። የሰው ፍቅር ሲመጣ እሱን አስቀድሜ ነበር የማስታውሰው፤ ሁለት ሰው በዚህ ተለይቶኛል።

አምና በረመዳን እናቴ ታማ አልጋ ላይ ነበረች። መጾም አልቻለችም፣ እሱ ከሕመሙ በላይ ያስለቅሳት ነበር። አንድ ቀን ከዓስር በኋላ አጥሚት እያጠጣኋት፣ ላስቃት ብዬ፣ ያንን ክትፎ እኮ የሰጠችኝ የሐጃ ልጅ ነበረች አልኳት። ከሃያ ዓመት በላይ የያዝኩትን ወላሂ በዚያች ደቂቃ አፈረስኩት።

«አውቃለሁ» አለች እናቴ።

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኋት። ከሠርጉ ዕለት ማታ ጀምሮ ነው። ጎረቤታችን ድስቱን ሲያጣጥቡ ጠርታ ሁለቱንም አይቻለሁ፣ ሳህኑን ይዛ የመጣችው የሐጃ ልጅ ናት፣ ያንቺዋን አትቆጪያት ብላታለች። እንግዲህ እዚያ ሳሎን ቆማ፣ ዓይኗ ዓይኔን ሲያልፈው፣ አፌን በጣቷ ስታጥበው፣ ሁሉንም ታውቅ ነበር።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«የሐጃን ልጅ በሐጃ ሳሎን ከስሼ የት ልንገባ? ወገን የለኝ፣ ቤት የለኝ። ደሟ ነው የሚያናግራት ይሉኝ ነበር» አለች። ትንፋሿ ያጥራታል። «ልጅ ነሽ፣ ትረሺዋለሽ ብዬ ነው።»

ልክ ነበረች። የምትገባበት አልነበራትም፣ እኔን ያሳደገችው በዚያ ዝምታዋ ነው፣ ይህን አውቃለሁ። የሚያንገበግበኝም ልክ መሆኗ ነው፤ በሐጃ ልጅ ላይ የተናደድኩትን ያህል በእሷ ላይ ልናደድ አልችልም፣ ግን ተናደድኩ። ያ ሁሉ ቂሜ አድራሻ ተሳስቶ የኖረ መሰለኝ። ልጅቷ የከዳችኝ ፈርታ ነው፣ ልጅ ናት። እናቴ ግን አስባበት ነው አሳልፋ የሰጠችኝ።

እጄን ያዘች። «እስቲ ሙልክን ቅሪልኝ» አለች። «እኔ ከግማሽ በኋላ ጠፍቶኛል።»

«እኔም ረስቼዋለሁ፣ እማ» አልኳት።

አንድ ፊደል አልረሳሁም። አርባው ቀን ካለቀ ጀምሮ ሳልቀራው ተኝቼ አላውቅም፤ ቤታችን ደግሞ ግድግዳው ስስ ነው፣ እሷ ክፍል ድረስ ይሰማል። «ይሁን ልጄ» አለችና ፊቷን አዞረች። ነገ እቀራላታለሁ፣ ንዴቴ ይብረድልኝ ብዬ ነበር። በነጋታው ራሷን ሳተች፣ በሦስተኛው ቀን ሞተች።

በእኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትወጣም። ወንዶቹ ጀናዛዋን ከፎቅ አውርደው መኪና ላይ ሲያወጡ እኔ ከሴቶቹ ጋር ደረጃው ላይ ቀረሁ። መኪናው ሲነሳ አፌ በራሱ ጀመረ። ሰው ፊት መሆኑን እንኳ አላስታወስኩም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሠላሳውንም አንቀጽ፣ አንድ ቃል ሳልስት ቀራሁላት። መኪናው ግን ገና አምስተኛው አንቀጽ ላይ ሳልደርስ ታጥፎ ሄዶ ነበር።