የጋልያ ጥቁር ገጽ

ደስታዬ ቂርያት ሞሼ ሰፈር፣ ማትናስ በሚሉት የሕዝብ ማዕከል ውስጥ የሚሰጠውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ኩርስ ስትጀምር ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ቂርያት ዔቅሮን ውስጥ የሰው ሕፃናት ስትጠብቅ ኖራ፣ አንድ ቀን «ይበቃኛል» ብላ ተነሣች። ቆራጥ ሴት ናት፤ ክፉ አመሏ ቅናት ብቻ ነው።

መምህሩ ሐጋይ በየኮምፒውተሩ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ጫነላቸውና፣ «ኮድ የምትጽፉበትን ፕሮግራም ግን እናንተው ምረጡ፤ ሁሉም በነፃ ይገኛል» አላቸው። ደስታዬ ኬት የሚባለውን መረጠች። ፋይሎቹ በጎን ተደርድረው ይታያሉ፤ ኮዱም በቀለም የተለየ ነው። ወደደችው።

የወደደችው ግን ጋልያን እስክታይ ነው። ጋልያ የአክስቷ ልጅ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ጻቫ በሚሉት ጦር ሠራዊት አገልግላ ከወጣች ገና ሦስት ወሯ። የመረጠችው ቪም የሚሉትን ነው፤ ጥቁር ገጽ፣ ማውስ አይፈልግ፣ ምን አይፈልግ። ጣቶቿ ብቻ ይራወጣሉ፤ መስመሩ ይጠፋል፣ ይባዛል፣ ቦታ ይለውጣል። ክፍሉ በሙሉ ከጀርባዋ ቆሞ ያያታል። ሐጋይ እንኳ «ኮል ሀካቮድ፣ ጎበዝ!» አላት።

«እጇን ይዤ ፊደል ያስቆጠርኳት እኮ እኔ ነኝ» አለችው ደስታዬ ማታ ባሏን ውብነህን።

«ታዲያ ደስ አይልሽም?»

«ደስ ይለኛል እንጂ!» አለች፤ ፊቷ ግን ሌላ ይናገር ነበር።

በማግስቱ ኬትን ትታ ቪምን ያዘች። ትእዛዞቹን በወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋ ሁለት ሳምንት አጠናች። ውብነህ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ቢላት ሳታናግረው ዋለች።

ሥራቸውን በክፍሉ ፊት የሚያሳዩበት ቀን ደረሰ። ደስታዬ በኮዷ መሃል አንዲት ማብራሪያ በዕብራይስጥ ጻፈችና ወደ ትእዛዙ ልትመለስ ቁልፎቹን ነካች። ምንም የለ። ደግማ ነካች። ገጹ ድርቅ አለ። ከኋላ አንዱ ሳቀ።

ጋልያ መጥታ ጎንበስ አለችና፣ «እታለም፣ ኪቦርዱ ዕብራይስጥ ላይ ቀርቶ ነው» አለቻት በሹክሹክታ። «ትእዛዝ የሚሰማው በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። እኔም ስንቴ ጉድ ሆኛለሁ መሰለሽ!» ሁለት ቁልፍ ተጫነችላት፤ ነገሩ ተፈታ።

ደስታዬ ማመስገን ይገባት ነበር። እሷ ግን «ቤሰደር፣ እሺ» ብቻ ብላ ፊቷን አዞረች። ከሳቁ ይልቅ እርዳታው አንገበገባት።

ያን ሳምንት እልኋን ይዛ ወደ ኬት ተመለሰች። እጇ ለካ ለምዶት ኖሮ፣ የመጨረሻውን ሥራ፣ የማትናሱን የምዝገባ ገጽ፣ ከሁሉም ቀድማ ጨረሰች። ጋልያ በሃያ ፋይል መሃል አንዲት ስሕተት ስትፈልግ ቆይታ ቢሰለቻት፣ ወንበሯን እየጎተተች መጣች።

«እታለም፣ ያንቺ ሁሉንም ፋይል ባንዴ ይፈልጋል አይደል? እስቲ አሳዪኝ።»

«ረጋ በይ፣ ይቺን ልጨርስ» አለች ደስታዬ። የምትጨርሰው ነገር ግን አልነበራትም። ጋልያ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። መጠበቋ ደስታዬን ማር ማር አላት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። ጠጋ ብላ አንድም ሳትደብቅ አሳየቻት።

ቤት ገብታ ለውብነህ ስታወራለት ግን ልጅቷን ያስጠበቀችበትን ዘለለችው።