አልቢ ጣሪያው ላይ ነው

የእኛ መንደር ሰው የድሮ ነገር ሲያወራ እንደ ድሮ አያወራውም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የሆነውን፣ «እኔ ቆሜያለሁ፣ በሬው ይመጣል፣ ወዴት ልግባ እላለሁ» እያለ ነው የሚተርከው። አባቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። እኔ ቢራ በምቀዳበት በመንደሩ ክበብ መጠጥ ቤት «ነበር» የሚባለው ለሞተ ሰው ብቻ ነው።

ግሌኒስን ያስቆጣትም ይኸው ነው። ባሏ ክላሪ ዕድሜውን በመንደሩ የስንዴ ጎተራ የሠራ፣ ለሰው ደራሽ ሰው ነው። የመርሳት በሽታ ከያዘው ወዲህ ግን ሰዎች እሱ አጠገባቸው ቢራውን እየጠጣ፣ «ክላሪ እኮ ጎበዝ ዋናተኛ ነበር» ማለት ጀመሩ።

«ምነው፣ ቀበራችሁት እንዴ?» አለቻቸው አንድ ቀን።

ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ስታጥበው ዝም፣ ስታጎርሰው ዝም። ቢራ እየቀዳሁ ሳያት፣ «አንቺ ሴት፣ አልቅሺ እንጂ!» ብዬ ልጮህባት ይቃጣኛል። ከተማ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ለክላሪ አንድ አልጋ ተገኝቶ እስከ ሰኞ መልስ እንድትሰጥ ተነግሯታል። ባሏን ለመጦሪያው ትስጠው ወይስ አትስጠው፣ ያ ብቻ ነው ጭንቋ። እሱም ፊቷ ላይ አይነበብም።

ዓርብ ከሰዓት ክበቡ ሥጋ የሚያሸልም ዕጣ ያወጣል፤ ሁሉም ይመጣል። የክላሪ የጥንት ጓደኛ በርት፣ ወዳጁን ደስ ላሰኝ ብሎ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀውን የጎርፉን ወሬ ጀመረ።

«ውሃው እየመጣ ነው» አለ በርት። «የዚህ ሰውዬ ወንድም፣ አልቢ፣ መኪናው ጣሪያ ላይ ወጥቷል። 'ክላሪ! ድረስልኝ!' እያለ ይጮኻል። ይሄኛው ዳር ቆሞ ጫማውን ይፈታል! 'አንተ፣ ዝለል እንጂ!' ይለዋል አልቢ። 'አዲስ ነው፤ ካረጠብኩት ሚስቴ ትገድለኛለች!' ይላል ይሄ ጉደኛ።»

ሳቅን። ሁሌም የምንስቀው እዚህ ላይ ነው። ክላሪ ዘሎ ገብቶ አውጥቶታል፤ አልቢ የሞተው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በልብ ሕመም ነው። ስለዚህ መሳቅ ይቻላል።

ዞር ስንል የክላሪ ጫማዎች ወንበሩ ሥር ናቸው፤ እሱ የለም። ነገሩ አሁን የሚሆን መስሎታል።

«እኔ እንደሁልጊዜው ነው ያወራሁት!» አለ በርት ፊቱ አመድ መስሎ። ልክ ነው፤ ጥፋቱም ያው እንደሁልጊዜው ማውራቱ ነው። ግን ማናችን ከበርት እንሻላለን?

ግሌኒስ ማንንም ሳትጠይቅ በወንዙ መንገድ ሄደች፤ ተከተልኳት። ወንዙ በዘንድሮው ድርቅ ምክንያት ጠብታ የለውም። ክላሪ መሐሉ ላይ በባዶ እግሩ፣ አየሩን በክንዶቹ እየቀዘፈ ይሄዳል።

«ክላሪ፣ ና ውጣ» አለችው።

ዞሮ አያት። «እመቤት፣ ከዚያ ይራቁ! ውሃው ይወስድዎታል!»

ዕድሜ ልኩን «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው! እሷ አሸዋው ውስጥ ገብታ ክንዱን ያዘችው።

«አልቢ ወጥቷል።»

«ወጣ?»

«ወጣ። ልብስ እየቀየረ ነው።»

ክላሪ እዚያው ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ እስኪበቃው ቆማ ጠበቀችው።

ስንመለስ፣ «እስኪያመኝ እጠብቃለሁ፤ አያመኝም» አለችኝ። «ጥርስ ሊነቀል ሲል ድድ እንደሚደነዝዘው ነው።»

ሰኞ በእኔ መኪና ወሰድነው። የመጦሪያው ነርስ በር ላይ ተቀበለችንና ግሌኒስን፣ «ባለቤታቸው ነዎት?» ብላ ጠየቀቻት።

ክላሪ ቀደማት። «ኧረ አይደሉም! የኔ ባለቤት ቤት ናት። እራት ሠርታ እየጠበቀችኝ ነው።»

ግሌኒስ ሻንጣውን ለነርሷ አቀበለች።

«አዎ» አለች፤ «እየጠበቀችው ነው።»